የመምህር ጠባይ በቅጽ ሲመዘን

መምህር ሙያውን ያሻሽል ዘንድ አስቀድሞ የገዛ ጠባዩን ይወቅ የሚለው አሳብ፣ ከላይ ሲያዩት የአበውን ምክር ስለሚመስል፣ ማንም ሳይመረምረው በየሥልጠናው አዳራሽ ገብቶ የክብር ወንበር ይዟል። መምህሩ «በብዙ ሰው መካከል ስሆን ደስ ይለኛል» ለሚለው ዐረፍተ ነገር ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያከባል፤ ቁጥሩ ሲደመርም፣ ከጥንት የግሪክ ሐኪሞች ትምህርት የተረፈውን «ሜላንኮሊክ» ወይም «ሳንጉዊን» የሚል ስያሜ ተቀብሎ፣ ወይም በማየርስና በብሪግስ መጠይቅ ከ16ቱ ነገዶች በአንዱ ተመድቦ፣ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ራስን መመርመርን ማን ይነቅፋል? እኔ የምነቅፈው ይህን ቅጽ ነው።

ይህ ቅጽ ከዐውደ ነገሥት ብዙም አይርቅም። ዐውደ ነገሥት ገላጩ ደብተራ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ «ኮከብህ ሐመል ነው» ወይም «ሑት ነው» ሲለው፣ ሰውየው ጠባዩን ሰምቶ «እውነትም እኔን ነው!» ይላል። በ1948 እ.ኤ.አ. ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መጠይቅ አስሞልቶ፣ በኋላ ለሁሉም ያንኑ አንድ መልስ፣ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቃቀመውን፣ ቢያድላቸው፣ ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። በዐውደ ነገሥት የሚስቅ ምሁር በዚህ የጠባይ ቅጽ የማይስቀው፣ ቅጹ በባሕር ማዶ ስለታተመ ይመስለኛል። ሊቃውንቱ ራሳቸው የሚያከብሩት፣ ከዚህ የጸና የጠባይ መለኪያ መኖሩን አልክድም፤ እርሱም ቢሆን ግን የሚቆመው መላሹ ስለ ራሱ በሚሰጠው ምስክርነት ላይ ነው።

በእኛ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሰው ደግሞ ስለ ራሱ እንዲህ በቀላሉ አይመሰክርም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ የአገሩን ጠባይ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው በከንቱ አይደለም። በእኛ ዘንድ ኀጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባት፣ በምስጢር ነው፤ በአደባባይ የተነገረ ድካም ምን እንደሚያመጣ ግን በደርግ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ፣ ኋላም በግምገማው፣ መምህሩ ጠንቅቆ ተምሯል። የትምህርት ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ መምህራኑ «ተሙማ» በሚሉት፣ እንዲሳተፍና ሥራውን በፖርትፎሊዮ እንዲያኖር ታዟል። የጠባዩ ቅጽ ከዚያ ማኅደር ገብቶ ርእሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ ሲያገላብጡት፣ መምህሩም የደረጃ ዕድገቱን ሲያስብ፣ ብልህ የሆነ እንደ ሆነ ሁሉንም 4 ያከባል፤ 5 ትዕቢት ይመስላል፣ 3 ደግሞ ለክፉ ቀን ማስረጃ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው የቅጹ ስውር ፍርድ ነው። በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርድ፣ በግ ሲጠብቅ ውሎ ያደረ ሕፃን እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ሲያንቀላፋ፣ ትምህርቱ ያልገባው መምህሩ ዝምተኛ ስለሆነ ነውን? በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ግሼና እስከ መንዝ ዘልቆ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ሌላ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ መጽሐፍና ወንበር የጎደለውን መምህር «ድካምህ ከባሕርይህ ነው» ማለት፣ የመንግሥትን ዕዳ በደመወዝተኛው ነፍስ ላይ መጻፍ ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት በዚህ ነገር ከእኛ ይሻላል። ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ በየኔታ ፊት ይነግራል፤ የኔታም ትዕግሥተኛ ነህን ብሎ አይጠይቀውም፤ ቤቱ ሲጎድል ጎደለ ይለዋል፣ ምስጢሩ ሲፈርስም እዚያው ያቃናለታል። የሚታረመው ሥራው ነው፤ ጠባዩ ቢታረምም በሥራው በኩል ይታረማል።

ስለዚህ የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅንና ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ያሉትን የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የምለምነው ይህን ነው፦ ቅጹን ተዉት። በምትኩ ሁለት መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ እንዲያይ ሰዓት አውጡላቸው፤ የትኛው ጥያቄ ልጆቹን እንዳነቃ፣ በስተኋላ ያለችው ልጅ ስንት ጊዜ እንደ ተጠየቀች ይነጋገሩ፤ የተነጋገሩትም በሁለቱ መካከል ይቅር እንጂ ወደ ማኅደር አይግባ።