ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈታል፤ ለማን?

ከወልድያ ወደ ሰሜን በሚወስደው አስፋልት ጎብየንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ የደረሰ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያስተውለው ሜዳውን ነው። ደሴን የመሰለ ዳገት እዚህ የለም። በዊልቸር ወይም በክራንች ለሚሄድ ሰው ተፈጥሮ ራሷ ያደላችለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ታዲያ ሜዳው ላይ ሦስት አራት ደረጃ ገንብተን፣ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥበትን ክፍል ከደረጃው በላይ አስቀምጠን፣ “ሁላችሁም ግቡ” የምንለው ለማን ነው?

ዛሬ የምናነሳው የቤተ መጻሕፍትና የድረ ገጽ ጉዳይ ነው። “ሕዝቡ ማሽላው በዝናብ እጦት በሚደርቅበት፣ ሰላም በራቀበት አገር እናንተ ስለ መጽሐፍ ታወራላችሁ?” የሚለን አይጠፋም። ጥያቄውን እናከብረዋለን። ቆቦና አካባቢዋ ምን እንዳሳለፉ እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ደረሰባቸው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር ተኩሱ የተከፈተው እዚያው ቆቦ ዙሪያ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት ክልሉን ያዘ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ።

ጉዳዩን አሁን እንድናነሳው የሚያስገድደን ግን ይኸው ታሪክ ነው። ጦርነት አካል ጉዳተኛ ያበዛል። ጦርነት ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍትም ይዘርፋል፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበትን ሁላችንም ሰምተናል። የተዘረፈው ሲተካና የፈረሰው ሲሠራ አንድ ዕድል ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ መሥራት። ግድግዳው ከቆመ በኋላ በር ማስፋት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ንድፉ ላይ እያለ ግን የአንድ መስመር ጉዳይ ነው።

“ለስንት ሰው ብለን?” የሚሉም አሉ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት በአገሪቱ ከመቶ ሰዎች 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን መሆናቸውን፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ እይታቸው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። በትራኮማ፣ ማለትም በዓይን ማዝ፣ በኩል የአማራ ክልል ስሙ በዓለም ደረጃ የሚነሳ ነው። የራያ ቆላ ሰው ይህን ከጥናት ወረቀት አይማርም። መሪ ይዞ ወደ ገበያ የሚመጣውን ሽማግሌ ያውቀዋልና።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉማ ሞልቷል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሞሮኮ የተፈረመውን የማራካሽ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅለናል። ይህ ስምምነት ቤተ መጻሕፍትና የዓይነ ስውራን ተቋማት የታተመን መጽሐፍ የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠብቁ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በኮምፒውተር በሚነበብ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል። ፈቃዱ በእጃችን አለ ማለት ነው። የጎደለው የሚጠቀምበት ነው።

አሁን አንዲት ተማሪ እናስብ። ከዞብል ተራራ ግርጌ ቆቦ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ዓይነ ስውር ተማሪ። ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያው ሙሉ ቢሆን እንኳ ለእሷ ከባዶ አዳራሽ በምን ይለያል? የምታነበው ጓደኛዋ ጊዜ ባገኘች ሰዓት ነው። ጓደኛዋ ፈተና ከደረሰባት፣ ከታመመች ወይም ከሰለቻት የእሷ ንባብ ቆመ። እኛ “ማጥናት” የምንለውን እሷ “ማስቸገር” ብላ ነው የምታውቀው።

ብሬል ይኑር፤ ግድ ነው። ፊደል፣ ሒሳብና ሆሄ በጣት ካልተነካ በጆሮ ብቻ አይያዝም። ነገር ግን ብሬል ቦታ ይፈጃል። በእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ በብሬል ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ሁለት ቦታ ይይዛሉ። አንዱ የመማሪያ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ስለዚህ ከብሬሉ ጎን ድምፅና በስክሪን ሪደር የሚነበብ ጽሑፍ መኖር አለበት። ይኼ ደግሞ ወደ ድረ ገጹ ይወስደናል።

ስክሪን ሪደር በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በነፃ የሚታደል ነው። ድምፁ እንደ ሮቦት ቢሆንም አማርኛ የሚያነብለት ኢስፒክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። እንግዲህ ያቺ ተማሪ ስልኳን ከፍታ ከአንድ መሥሪያ ቤት የቴሌግራም ገጽ ላይ የምዝገባ ማስታወቂያ ፈለገች እንበል። ማስታወቂያው በወረቀት ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ነው የተለጠፈው። ስልኳ “ፎቶ” ብሎ ዝም ይላል። ቀኑ መቼ ነው? ምን ይዛ ትምጣ? ዝም። ማኅተሙ ለዓይናማው ማረጋገጫ ነው፤ ለእሷ ግን የተዘጋ በር ነው።

ነገሩ የቴሌግራም ብቻ አይደለም። በኢንተርኔት ከምናገኛቸው የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎች ብዙዎቹ ስካን የተደረጉ ሥዕሎች ናቸው። አካል ጉዳተኛው መብቱ የተጻፈበትን አዋጅ ለማንበብ ሰው መለመን አለበት! ሌሎች ሰነዶች ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ስለሆኑ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዲግሪ ይዟል፤ እኛ ግን አሁንም ፎቶ እንለጥፋለን።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባለማኅተሙን ፎቶ ለጥፉት፤ ከሥሩ ያንኑ ቃል በጽሑፍ አስከትሉት። ጽሑፉን የተየበው ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ አለው! ቪዲዮ ሲሆን ደግሞ የሚነገረውን ከሥር ጻፉት፤ መስማት የተሳነው ሰውም የቀበሌው ነዋሪ ነው። ይህ በጀት፣ ግዥ፣ ጨረታ አይፈልግም። አንድ ኃላፊ “ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ይሁን” ማለቱ ይበቃል።

“ኢንተርኔት ሲዘጋስ?” ትሉን ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በየከተማው ዘፈን በሚሞሪ ካርድ የሚጭኑ ሱቆች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ለጥቂት ብር የራያን ጭፈራ ሁሉ ስልካችሁ ላይ ይጭኑላችኋል፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይሰማል። ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ሱቅ የሚያንስበት ምክንያት የለም። አንድ ኮምፒውተር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ነፃው ስክሪን ሪደርና ጸጥ ያለ ጥግ ይኑረው። የከተማው ተማሪዎች በክረምት የመማሪያ መጻሕፍቱን ጮክ ብለው እያነበቡ ይቅዱ። ያቺ ተማሪ ካርዷን ይዛ ትምጣና ታሪኩን፣ ባዮሎጂውን፣ ልብ ወለዱን አስጭና ትሂድ። በፈለገችው ሰዓት፣ ማንንም ሳታስቸግር፣ ደግማ ደጋግማ ትስማው።

ይህ ካልሆነ የሚቀረው አማራጭ የድሮው ነው፤ አገር ጥሎ መሄድ። የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ስታጣ የተማረችው ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ኮርተንባታል። ግን ሻሸመኔ መድረስ ያልቻሉት የወሎ ልጆች የት ናቸው? በቤተ ክህነቱም በመድረሳውም ብዙ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በቃል ተምረው በቃል ሲያስተምሩ ኖረዋል። የአገሬው ሰው ዓይነ ስውር ሊቅ መሆን እንደሚችል ከማንም ቀድሞ ያውቃል። የማያውቀው ዘመናዊው ቢሯችን ነው።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር መረጃ ወጣ የሚባለው ለሰው ሲደርስ ነው ብለውናል። በዚህ መለኪያ በፎቶ የወጣ ማስታወቂያ አልወጣም፤ በደረጃ ላይ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍትም አልተከፈተም። በራያ ቆላ ወደፊት ሪባን ሲቆረጥ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ በዊልቸር የሚሄደው፣ ዓይነ ስውሯና መስማት የተሳነው ወጣት ያለ ደጋፊ ገብተው፣ የፈለጉትን አንብበው መውጣት ይችላሉ? መልሱ “አይ፣ እሱን በሁለተኛው ምዕራፍ…” ከሆነ ሪባኑ አይቆረጥ። ሁለተኛው ምዕራፍ እዚህ አገር እንደማይመጣ እናውቃለን።