ቀበሌያችንን ማን መረጠው?



ስለ ሕዝበ ውሳኔና ስለ ክልሎች መብዛት የሚጻፈውን ሁሉ አነባለሁ። የሲዳማ፣ የደቡብ ምዕራብ፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ጉዳይ ብዙ ብዕር አስጨርሷል፤ የሚገባውም ነው። ከላስታ ሆኜ ሳየው ግን ማንም ስሙን የማያነሳው አንድ ምርጫ አለ፤ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ።

ነገሩን ከዘመዴ ልጀምር። የአክስቴ ልጅ ባሏ የሞተባት ናት፤ ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለች ገበሬ ማኅበር ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። ለዓመታት በሴፍቲኔት ታቅፋ ነበር። በተፋሰስ ሥራ ወቅት ድንጋይ ተሸክማ እርከን ትሠራ፣ በምታገኘውም ትከርም ነበር። አንድ ዓመት ስም ሲጠራ የእሷ ተዘለለ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ፣ አንድ ነገር ያውቃል ብላ ይዛኝ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ያስተማርኩት ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«ስሟን ማን አወጣው?» አልኩት።

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴውን ማን መረጠው?»

«ካቢኔው።»

«ካቢኔውንስ?»

«የቀበሌው ምክር ቤት ነዋ።»

«ምክር ቤቱንስ?»

ልጁ ፈገግ አለ። «ኧረ ቲቸር፣ እሱ እኮ የድሮ ነው!»

እውነቱን ነው። ያ «ድሮ» ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአገሪቱ የአካባቢ ምርጫ በሁለት እሑዶች፣ ሚያዝያ 6 እና 13፣ ተካሄደ። 33 ፓርቲዎች ከውድድሩ ራሳቸውን አግልለው ነበርና ኮሮጆው ውስጥ የገዢው ፓርቲ ምልክት የሆነችው ንብ ብቻ ገባች ማለት ይቻላል። የተመረጡት የሥራ ዘመናቸው 5 ዓመት ነበር። በ2010 ምርጫው ለአንድ ዓመት ተራዘመ፣ ኋላም ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ይደረጋል ተባለ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠቅላላ ምርጫው ሲካሄድ ለአካባቢያቸው ምክር ቤት ድምፅ የሰጡት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ብቻ ናቸው። በ2005 አራተኛ ክፍል የነበሩ ተማሪዎቼ ዛሬ ልጅ አዝለው ወደ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ ቀበሌያቸውን ግን አንድም ቀን መርጠው አያውቁም።

ሕዝበ ውሳኔን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምለው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል መሆንን በሚወክለው ሻፌታና በነበረበት መቀጠልን በሚወክለው ጎጆ መካከል ሲመርጥ የአገሪቱን ካርታ ቀይሯል። መስከረም 2014 ደቡብ ምዕራብ፣ ጥር 2015 ደግሞ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ተከተሉ። የሚገርመው የመጨረሻው ነው፤ ሌሎቹ ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ከቀድሞው ደቡብ ክልል የቀረው አካባቢ ስለ ክልልነቱ ሳይጠየቅ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባል ክልል ሆነ። እነሱ ለራሳቸው የሰጡት ድምፅ የጎረቤታቸውንም አድራሻ ቀየረ ማለት ነው።

ወደ እኛ ክልል እንምጣ። መስከረም 7 ቀን 2010 በሰሜን ጎንደር በስምንት ቀበሌዎች በቅማንት ብሔረሰብ የራስ አስተዳደር ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ሰባቱ በነበሩበት እንቀጥላለን አሉ፣ አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር ሄደ። ነገሩ ግን በቆጠራ አላበቃም፤ በ2011 በዚያው አካባቢ ደም ፈሰሰ። ይህ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም የማውቅ አይደለሁም። ግን አንድ ሕዝብ ከቀበሌ ሹሙ ጋር በምርጫ መጣላትና መታረቅ ሳይለምድ፣ በአንድ ቀን «የማን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ከሚችለው በላይ ይከብደዋል። የፌዴራል መንግሥት አማራና ትግራይ የሚወዛገቡባቸውን የራያንና የወልቃይትን ጉዳይ በሕዝበ ውሳኔ እፈታለሁ ማለቱን ስሰማም የመጣብኝ ሐሳብ ይኸው ነው። ራያ ከእኛ ተራራ ግርጌ ነው፣ ገበያችንም ይገናኛል።

የታችኛው እርከን ምርጫ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ጎረቤታችንን ኬንያን እንመልከት። በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎች አቋቋሙ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ገዥዎቻቸውን መረጡ። ናይሮቢ ላይ የተሸነፈ ፓርቲ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የሚያስተዳድረው ካውንቲ፣ የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል። ችግራቸው አልቋል አልልም፣ ሙስናውም ወደ ካውንቲ ወርዷል ሲባል እሰማለሁ። እኛ ዘንድ ግን የተሸነፈ ሰው የሚቀመጥባት በርጩማ እንኳ የለችም። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸንፎ ከተማዋን ሳያስተዳድር ቀረ፤ ከተማዋም እስከ 2000 ድረስ በባለ አደራ ተመራች። ጥፋቱ የማን ነበር የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው። ግን ያ ፓርቲ ቆሻሻ እንዴት እንደሚያነሳ፣ ውሃ እንዴት እንደሚያዳርስ ሕዝቡ በ5 ዓመት አይቶ ቢፈርድበት ኖሮ፣ ስለ ተቃዋሚ ያለን ግምት ዛሬ ሌላ ይሆን ነበር።

«ጊዜው አይፈቅድም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም እዚሁ ነኝ። ላሊበላ በ2013 እና በ2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ አይተናል፤ ከዚያ በኋላም መንገድ ሲዘጋ፣ ሆቴሎቻችን ሲራቆቱ ሰንብተናል። ኮሮጆ ጭኖ ወደ እያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር መሄድ ዛሬ እንደማይቻል ቢነግሩኝ አልከራከርም። የምከራከረው ሰላም ሲገኝ የሚደረገው ምርጫ የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ነው። ጠቅላላ ምርጫ ሁልጊዜ ቀጠሮ አለው፤ የቀበሌው ግን ሁሌ «ከዚያ ጋር» ወይም «ከዚያ በኋላ» ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ተሳትፎው ሳይኖር ሥልጣኑ ብቻ ቀረ፤ መታወቂያ፣ ማዳበሪያ፣ የይዞታ ደብተር፣ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ሁሉ በቀበሌው ማኅተም ያልፋል።

ደግሞ ምርጫው እንደ 2000 ዓ.ም. ከሆነ ይቅርብን። ያኔ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ፣ በአገሪቱ ከ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ወንበር ለምርጫ ቀረበ። ይህን ሁሉ ዕጩ ከገዢው ፓርቲ በስተቀር ማን ያቀርባል? ተቃዋሚዎች ያገኙት በጣት የሚቆጠር ነበር። ለአንድ ቀበሌ ሃያ ሰው ይበቃል። ሃያ ሰው በስም ይታወቃል፤ ማን ስብሰባ እንደቀረ፣ ማን ለባለጉዳይ እንደቆመ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይወራል።

የአክስቴ ልጅ እስካሁን ዝርዝሩ ውስጥ አልገባችም። ባለፈው ቅዳሜ ገብስ ሸጣ ስትመለስ ቤቴ ጎራ አለች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን አይታ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ።

«ስላንቺ ጉዳይ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው» አልኳት።

«ለማን?» አለችኝ።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛ መምህር፣ ላሊበላ