ዕንቁላሉ ብቻ ሳይሆን የዶሮዋም አያያዝ ይጠየቅ

በከተማ ሱቅም ሆነ በገበያ ዕንቁላል የሚገዛ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው ዋጋውንና «የሐበሻ ነው ወይስ የፈረንጅ?» የሚለውን ነው። የሐበሻ የተባለው ዋጋው ከፍ ቢልም በጣዕሙና በአስኳሉ ቢጫነት ይመረጣል። ዕንቁላሉን የጣለችው ዶሮ እንዴት እንደኖረች የሚጠይቅ ሸማች ግን እምብዛም አይገኝም።

የአስኳል ቀለም ስለ ዶሮዋ አያያዝ ማስረጃ አይሆንም። ቢጫነቱ የሚመጣው ከመኖው ስለሆነ፣ ቢጫ በቆሎና ቅጠላ ቅጠል የምትመገብ ዶሮ በጠባብ የሽቦ ሳጥን ውስጥ ብትታጎርም አስኳሏ ቢጫ ይሆናል። ክንፍ መዘርጋት፣ መሬት መጫር፣ በአፈር መንደባለልና ማታ ቆጥ ላይ መስፈር ደግሞ የዶሮ ተፈጥሮ ነው። ይህን ሁሉ የተነፈገች ዶሮ የምትጥለው ዕንቁላል ከሌላው ጋር ሲደባለቅ በዓይን አይለይም።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለዚህ ችግር መላ አበጅተውለታል። ለአንዲት ዶሮ ከአንድ ገጽ የጽሕፈት ወረቀት ያነሰ፣ ይኸውም 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ይሰጥ የነበረው የሽቦ ሳጥን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው መመሪያ መሠረት ከ2012 ጀምሮ ተከልክሏል። ከ2004 ወዲህም በዕንቁላሉ ቅርፊት ላይ ቁጥር ይታተማል። 0 ኦርጋኒክ፣ 1 ወደ ሜዳ የምትለቀቅ፣ 2 በቤት ውስጥ ያለ ሳጥን የምትረባ፣ 3 ደግሞ ሰፋ ባለና በተሻሻለ ሳጥን የምትያዝ ዶሮ ዕንቁላል መሆኑን ያመለክታል።

በእኛም አገር በየገጠሩ በደጅ እየጫረች የምታድረው ዶሮ ነፃነቷ አልተነካም። ይሁን እንጂ ፈንግል ሲገባ መንደሩን ያራቁታል፤ ጫጩቱን ጭልፊት፣ እናቲቱን ሸለምጥማጥ ይወስዳል። ስለዚህ ዶሮን መልቀቅ ብቻውን ርኅራኄ አይባልም። የሌሊት ማደሪያ፣ ንጹሕ ውሃና ክትባት ያስፈልጋታል። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ማምረቻ የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ ዋናው ጉዳይ ጊዜውን ጠብቆ እስከ ቀበሌ መድረሱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ለብዙ ቤተሰብ ዕንቁላል ራሱ ውድ ነው፤ ርካሹን የሚገዛውን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን «የሐበሻ» ስለተባለ ብቻ ጭማሪ የሚከፍለው ሸማች ገንዘቡ የት እንደሚደርስ የማወቅ መብት አለው። ጭማሪው መድረስ ያለበት ዶሮዎቿን አስከትባ፣ ቆጥ ሠርታ ለምትይዘው የገጠር እመቤት እንጂ ስሙን ብቻ ለለጠፈ ነጋዴ አይደለም።

በመሆኑም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዕንቁላሉን ከአርቢዎች ሲሰበስቡ ቀበሌውንና የአያያዙን ዓይነት በመያዣው ላይ ቢጽፉ፣ የግብርና ባለሙያዎችም እውነተኛነቱን ቢያረጋግጡ ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሸማቹም ከዋጋው ቀጥሎ «ዶሮዋ እንዴት ተያዘች?» ብሎ ይጠይቅ። ጠያቂ ሲበዛ ባለሱቁም መልስ ይዞ መቅረቡ አይቀርም።