እንግሊዝኛ ለማስተማር ባሕር ያቋረጡ ሰዎች

ፖላንድ በአውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። ስንዴና ድንች የሚያመርቱ ብዙ ገበሬዎች አሏት። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1989 ድረስ የፖላንድ ልጆች በትምህርት ቤት በግዴታ የሚማሩት የውጭ ቋንቋ ሩሲያኛ ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ አስተዳደር ተለወጠ። ብዙም ሳይቆይ ግዴታው ቀረ። ብዙ ወላጆች፣ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይማሩልን አሉ። ግን መምህር ከየት ይምጣ? የሩሲያኛ መምህራን ሞልተዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህራን ግን ጥቂት ናቸው። መምህር ደግሞ እንደ ጎመን በአንድ ክረምት አይደርስም።

በ1991 አንድ መላ ተገኘ። በአሜሪካ የሚገኘው የኮሽቹሽኮ ድርጅት ከፖላንድ የዩኔስኮ ኮሚሽን ጋር ተባብሮ በጎ ፈቃደኞችን መላክ ጀመረ። ሐምሌ በእኛ አገር ዝናብ ነው። በፖላንድ ግን ፀሐይና ሙቀት ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆቹ ካምፕ ይገባሉ። ካምፕ ማለት ልጆች ከቤታቸው ርቀው ለጥቂት ሳምንታት አብረው የሚያድሩበት፣ የሚማሩበትና የሚጫወቱበት ቦታ ነው።

ፈቃደኞቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም ነበር። የአውሮፕላኑን ዋጋ ከኪሳቸው አወጡ። መኝታና ምግብ ብቻ ከተቀባዮቻቸው አገኙ። ከመካከላቸው መምህራን ነበሩ። ረዳት ሆነው የሄዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ነበሩ።

ኮሽቹሽኮ ማን ነው?

ኮሽቹሽኮ የፖላንድ ጀግና ነው። በ1776 አሜሪካ ሄዶ ለአሜሪካ ነጻነት ተዋጋ፤ ምሽግም ሠራ። በ1794 በአገሩ ጦር መራ። ያን ጊዜ ገበሬዎች ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ ይዘው አብረውት ዘመቱ። እሱም የገበሬው የጉልበት ግዴታ እንዲቀነስ አዋጅ አወጣ። በ1798 ደግሞ ኑዛዜ ጻፈ። አሜሪካ ያለው ገንዘቡ ባሪያዎችን ነጻ ለማውጣትና ለማስተማር እንዲውል አዘዘ። ኑዛዜው ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ በ1852 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ገንዘቡ የታሰበለትን ሳይሠራ ቀረ። ስሙ ግን ለትምህርት የቆመ ድርጅት መጠሪያ ሆነ።

እንዴት ያስተምራሉ?

አስተማሪው የልጆቹን ቋንቋ አያውቅም። ልጆቹም የእሱን ገና አልያዙትም። ታዲያ በምን ይግባባሉ?

በእጅ፣ በዓይን፣ በሥዕልና በዘፈን ነው። አስተማሪው ዳቦ ያነሣል፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ይጠራል። ልጆቹ ይደግማሉ። «ተነሡ» ብሎ ይነሣል። «ተቀመጡ» ብሎ ይቀመጣል። ልጆቹም አብረውት ይነሣሉ፤ ይቀመጣሉ። ሕፃን ከእናቱ ቋንቋ የሚማረውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ይሰማል፤ ቀጥሎ ይናገራል። ማንበብና መጻፍ ኋላ ይመጣል።

ጨዋታውም ትምህርት ነው። ልጁ «ኳሱን ወዲህ በል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ካልተናገረ ኳሱን አያገኝም።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያታልላል። በእኛ ፊደል «በ» የትም ብትጻፍ «በ» ናት። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ብቻ አሉት፤ ግን አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ አለው። ቢላዋ በእንግሊዝኛ «ናይፍ» ይባላል። ሲጻፍ ከፊቱ «ኬይ» የምትባል ፊደል ትቆማለች። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ስለዚህ ከጆሮ መጀመር ይበጃል።

ልጆቹን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው እፍረት ነው። ተሳስቼ ቢስቁብኝስ ይላሉ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ለሌላው ነገር መልካም ምክር ነው። ቋንቋ የሚማር ሰው ግን ዝም ካለ ምንም አይገባውም። ጥሩ አስተማሪ የተሳሳተውን ልጅ አይቆጣም፤ ትክክለኛውን ቃል ደግሞ ያሰማዋል።

ምን ጥቅም አለው?

በጥቂት ሳምንታት ቋንቋ ይታወቃል ወይ? አይታወቅም። ልጁ ከካምፑ ይዞ የሚወጣው ድፍረት ነው። ካልደገመው ይረሳዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚደክመው የአካባቢው መምህር ነው። እንግዳ ዘር ያመጣል፤ አረሙን የሚነቅለው ግን ባለማሳው ነው። ፈቃደኛውም ቢሆን ተዘጋጅቶ መሄድ አለበት። ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው የልጆቹን ጊዜ ያባክናል።

በ2004 ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ እንግሊዝና ወደ አየርላንድ ሄዱ። እዚያ የሥራ ውል የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ ውሉን አንብቦ ይፈርማል። የማያውቅ ግን ሌላ ሰው በነገረው ይፈርማል። ባላነበበው ወረቀት ላይ በአውራ ጣቱ የፈረመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ለመወያያ

1. ማንበብ ስትጀምሩ ያሳፈራችሁ ነገር ነበር? እንዴት አለፋችሁት?
2. በአውራ ጣት መፈረም ምን ጉዳት አለው?
3. እናንተ የምታውቁትን ለማን ልታስተምሩ ትችላላችሁ?