የገጠሩ አንደበት መድረክ ይውጣ

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለቲያትርም ይሠራል ባይ ነኝ። በተማሪ ቲያትሮች ገጠሬ መድረክ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሊያስቀን ነው። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ የትኛውም ገበሬ በማይናገረው አማርኛ ይቀባጥራል፤ አዳራሹም በሳቅ ይሞላል። እኔ ከብት ጠብቄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አባቴ ቀጠሮ ሲይዝ «ከብት ሲገባ እንገናኝ» ነው የሚለው። እስኪ ይሄ ምኑ ያስቃል? በሦስት ቃላት ሰዓቱንም የሰውየውን ኑሮም ነገረን እኮ!

«የሙከራ ቲያትር» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጨለማ መድረክና ግራ የሚያጋባ ዝምታ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሙከራ ኬንያ ውስጥ፣ ሊሙሩ አጠገብ ባለችው ካሚሪቱ መንደር የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ባደገባት በዚያች መንደር፣ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በኪኩዩ ቋንቋ አንድ ተውኔት አዘጋጀ። ርዕሱ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» እንደ ማለት ነው። ረቂቁ ለገበሬዎችና ለሠራተኞች ተነበበ። እነሱም አነጋገሩን አረሙ፤ ስለ መሬታቸውና ስለ ነፃነት ትግሉ የሚያስታውሱትን ጨመሩበት። 2,000 ያህል ሰው የሚይዝ ጣሪያ አልባ ቲያትር ቤትም በእጃቸው ሠሩ። መንግሥት ትርኢቱን በሳምንታት ውስጥ አገደ፤ ንጉጊን አንድ ዓመት ያህል አሰረ፤ በ1982 ደግሞ ቲያትር ቤቱን አፈረሰ። ተራ የመንደር ወሬ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? ንጉጊ በ2025 እስኪሞት ድረስ ስለ እናት ቋንቋ መሟገቱን አልተወም።

በእኛም አገር መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» የዘወትር አነጋገር መድረክ ላይ እንደሚያምር አሳይቶናል። ታዲያ እኛ ምን ነካን? «የገጠሩ ቃል ለከተማ ልጅ አይገባውም» የሚሉ አሉ። ተዋናዩ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ከተናገረ የማይገባው ማን ነው? ባይገባውስ ቢጠይቅ ምን አለበት?

ጉዳዩ የቲያትር ብቻ አይደለም። ነገ ማይክ ይዘን ገበሬ ፊት የምንቆመው እኛው የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። ዛሬ በአነጋገሩ እየሳቅን ነገ እንዴት እናዳምጠዋለን? ስለዚህ ለሚቀጥለው ዝግጅት እያንዳንዳችን ከትውልድ ቀያችን አንድ አንድ ትዝታ እናምጣ፤ በየእናታችን ቋንቋ፣ ሳናሳምረው። ረቂቁንም ከመምህራን በፊት ከገጠር ለመጡት የግቢው ጥበቃዎችና ጽዳት ሠራተኞች እናንብብላቸው። «እንዲህ አይባልም» ካሉን እርሳሳችንን አውጥተን እናርም።