«ኢግኖር» ጥገና አይደለም

ዴስክቶፕ ሲከፈት ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሲፒዩ ፋን ስህተት እንዳለ ሲጻፍ፣ ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ኤፍ1ን ተጭኖ ማለፍ ነው። መልእክቱ ሲያሰለች ባለሙያ ይጠራል። እሱም ባዮስ ውስጥ ገብቶ የፋን ክትትሉን «ኢግኖር» (ችላ በል) ላይ ያደርገዋል፤ ጽሑፉ ይጠፋል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ይሄን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ። ማሽኑ ችግሩን የሚናገርበትን አፍ ዘግተን «ተሠራ» ማለት ደንበኛን ማታለል ነው።

ማዘርቦርዱ ፋኑን አያየውም፤ መዞሩን የሚያውቀው በአንድ ቀጭን ገመድ ነው። ባለ 3 ፒን ፋን ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ኔጌቲቭ፣ ቀዩ 12 ቮልት፣ ቢጫው ደግሞ ዙር የሚቆጥረው ነው፤ ፋኑ አንዴ በዞረ ቁጥር 2 ምልክት ይልካል። ባለ 4 ፒኑ ላይ የተጨመረው ገመድ ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን የሚያዝበት ነው። ስለዚህ ፋኑ እየዞረም «ስህተት» ሊባል ይችላል። ሶኬቱ «ሲፒዩ ፋን» የሚለው ላይ መሰካት ሲገባው የኬዙ ፋን ቦታ ላይ ተሰክቶ ይሆናል፤ የቆጣሪው ገመድ ተበጥሶ ይሆናል፤ ወይም ፍጥነቱ ባዮስ ከሚጠብቀው ዝቅተኛ ልክ በታች ወርዶ ይሆናል። ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሶኬቱ ከመደበኛው ሊለይ ስለሚችል፣ ከገበያ የተገዛው ፋን አልገባ ሲል ገመድ ተቆርጦ ይቀጠላል። ኃይል የሚሰጡት ሁለቱ ይያያዛሉ፣ ቆጣሪው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የፋኑ ጩኸትም እንደዚሁ ከአሰካክ ሊመጣ ይችላል። ባለ 3 ፒን ፋን ባለ 4 ፒን ቦታ ላይ ተሰክቶ ባዮሱ «ፒደብሊውኤም» (ፍጥነትን በአራተኛው ገመድ ማዘዝ) ላይ ከሆነ፣ ፋኑ ትእዛዝ የሚቀበልበት ገመድ ስለሌለው ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። ማዘርቦርዱ ምርጫውን ከሰጠ ወደ «ዲሲ» (ፍጥነትን በቮልቴጅ ማዘዝ) መቀየር ብቻ ይበቃል፤ አዲስ ፋን መግዛት አያስፈልግም።

አንዳንዴ ፋኑም ገመዱም ጤነኛ ነው። የኢንቴል ኩለር በአራት የፕላስቲክ እግር ማዘርቦርዱን ይነክሳል። አንዷ እግር በደንብ ካልገባች ብረቱ (ሂትሲንኩ) ፕሮሰሰሩ ላይ እኩል አያርፍም፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋኑም ያጓራል። ማዘርቦርዱን ገልብጦ የአራቱም እግር ጫፍ ከቀዳዳው ወጥቶ መከፈቱን ማየት ነው። ይሄን ሳያዩ ተርማል ፔስት ደጋግሞ መቀባት ዋጋ የለውም።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። አቧራ በሂትሲንኩ ክንፎች መሃል ሲጋገር የቀረችውንም ትርፍ ይበላታል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ግን «አርጅቷል፣ ራም ይጨመርለት» ይባላል። በብሎወር ማጽዳት ጥሩ ነው፤ ብቻ ፋኑን በጣት ይያዙት፣ በነፋስ ያለልክ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል።

«ኢግኖር» ቦታ የለውም አልልም። በውሃ የሚቀዘቅዝ ማሽን ፓምፑ ሌላ ሶኬት ላይ ሆኖ የ«ሲፒዩ ፋን» ቦታው ባዶ ከሆነ ተገቢ ነው። ከዚያ ውጭ ግን ደንበኛው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ባዮሱ ውስጥ ፋኑ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይታየው። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነና ፋኑ ዓይኑ እያየ የሚዞር ከሆነ፣ ሥራው ገና አላለቀም፤ ገመዱ ይፈተሽ።