ዋዛ ያይደለው ዋዛ

ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራ ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ቴምብር መሰብሰብ፥ ዳማ መጫወት፥ አለዚያም ኳስ መመልከት ነው። ዛሬ የማጫውትዎ ግን ከነዚህ ሁሉ ለየት ያለ ነው። ቁመቱ ከቡና ሲኒ እምብዛም የማይበልጥ፥ ከደረት በላይ ያለ የሰው ምስል ገዝቶ፥ ቆርጦና ቀጥሎ ሌላ ሰው አድርጎ፥ ከዚያም ሕይወት ያለው እስኪመስል ድረስ ቀለም ቀብቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። «ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለምን?» ይሉኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ በአንዲት የዓይን ቆብ ላይ ሲደክም፥ ጨዋታ መሆን አለመሆኑን ራሱ ይፈርዳል።

ምስሉ የሚሠራው ረዚን ከሚባል ነገር ነው። ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው በጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳሉ፤ ጥቂት ቆይተው እንደ አጥንት ይጠጥራሉ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከእውነተኛው ሰው ዐሥር ጊዜ ያነሰው መጠን ነው። የአንድ ሰው ራስ ከአገጭ እስከ አናት 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን በዚህ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ አፍንጫውን፥ ከንፈሩን፥ የግንባሩን ሽብሽብ ሁሉ በዚያች ስፍራ ላይ ነው የሚፈልጉት።

የውጭ አገር ነጋዴዎች የሮማ ወታደር፥ የጃፓን ሳሙራይ፥ የናፖሊዮን ፈረሰኛ ከየዓይነቱ አውጥተዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በዚህች በአሶሳ ጎዳና የሚያልፈውን ሰው የሚመስል ግን በየትኛውም ዝርዝራቸው ውስጥ እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ የአገር ሰው የፈለገ የሩቁን ሰው ገዝቶ መለወጥ ይኖርበታል።

ለመሆኑ ማንን ይሁን? ይህን ጥያቄ ከትምህርት በኋላ ለሚሰበሰቡት ተማሪዎቼ አቅርቤላቸው ነበር። አንደኛው ሳይውል ሳያድር «ሼህ ሆጄሌን!» አለ። መልሱ የሚያስገርም አይደለም። ሼህ ሆጄሌ አል ሐሰን የአሶሳን አገር የገዙ፥ ወርቁን ለዳግማዊ ምኒልክ የገበሩ፥ አዲስ አበባ ታስረው ቆይተው ኋላ ወደ ሹመታቸው የተመለሱ፥ በአዲስ አበባም ያሠሩት ቤት እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ታላቅ ባላባት ናቸው። ከወደ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ግን፥ «እርሳቸውን ከሠራችሁ እኔ ብሩሽ አልይዝም» አለች። እርሷም እውነት አላት። በዚያ ዘመን ከወርቁ ጋር ሰውም ይገበርና ይሸጥ ነበር። የሼሁ ባለቤት ሲት አምና በድንበር በኩል ባሪያ ወደ ሱዳን በመላክ ስማቸው በእንግሊዝ መዛግብት ሰፍሯል። የተሸጡትም ከዚሁ አካባቢ ሕዝብ፥ ከጉሙዙ፥ ከማኦው፥ ከኮሞውና ከራሱ ከበርታው መካከል ነበሩ። ባርነትን የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነውና የሻጭና የተሸጠ ልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ሒሳብ ይማራሉ።

የሰው ምስል ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት፥ በሐረር ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን የፈረስ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሁከቱ ጊዜ ተገርስሷል። ራስ መኰንን ደግሞ በ1890 ዓ.ም. ዘምተው ይህን የቤኒሻንጉልን አገር ወደ ምኒልክ ግዛት ያስገቡት ናቸው። ነሐሱ ለአንዱ ክብር ለሌላው ቁስል ሆኖ ኖሯል። «የኛው የሲኒ ቁመት ያላት ናት፥ ማን ይገረስሳታል?» ማለት ይቻላል። በበኩሌ ግን መጠኑ ነገሩን አይለውጠውም እላለሁ፤ ማንን መርጦ ከፍ ባለ ቦታ እንዳስቀመጠ የሚጠየቀው ሠሪው ነውና። ሼሁን መሥራት ነውር ነው አልልም። የሚሠራቸው ሰው ግን ወርቁንም ባሪያውንም ዐውቆ ይሥራ።

እኛ በመጨረሻ የተስማማነው ዋዛ በሚነፋ ሰው ነው። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ፥ ፌዝ ነው፤ በበርታዎች ዘንድ ግን ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ቅሎቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገቡ ይቀጣጠላሉ፤ አፉ እንደ ጡሩምባ እየሰፋ ይሄዳል። የሚያስደንቀው ደግሞ አንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ትንሹ ቀጭኑን፥ ትልቁ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ሁሉ ተራቸውን ጠብቀው የየራሳቸውን ድምፅ ሲጥሉ ነው። እንግዲህ አንድ ነፊ ለብቻው የዘፈን ስባሪ ነው። ያች እንቢ ያለችው ልጅ ይህን ሰምታ፥ «ታዲያ አንዱን ብቻ ሠርተን ምን ሊሆን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፤ ብሩሹን ግን ያዘች።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለመለወጥ የሚመረጠው ቀንደ መለከት የሚነፋ የጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰው ምስል ነው። ምክንያቱም የተነፋ ጉንጭና ወደ አፍ የተነሣ እጅ ከባዶ ተነሥቶ መሥራት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፥ ያ ተሠርቶ ቢገኝ ግማሹ ድካም ቀለለ ማለት ነው። ቀንዱ፥ የብረት ቆቡና ጢሙ ይወገዳሉ።

መጀመሪያ ምስሉን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። ከጎማው በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ካልለቀቀ ቀለሙ ኋላ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ከዚያ ትርፉን በቀጭን መጋዝ ይቁረጡ፤ የስፌት መስመሩን በስለት ይፋቁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 400 ጀምረው እስከ 1000 ያለስልሱ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምነግርዎ ነገር አለ። የረዚን ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ወረቀቱንም ምስሉንም በውኃ እያራሱ ይፈግፍጉ፥ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፥ ሥራውንም ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ያርቁ። የተጣመመ ክፍል ቢያጋጥምዎ አይስበሩት፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ቢያቆዩት ይለሰልሳል፥ ያን ጊዜ አቅንተው በቀዝቃዛ ውኃ ይንከሩት።

የጎደለው የሚሞላው ሁለት ዓይነት ሊጥ ተቀላቅሎ በሚሠራው ኤፖክሲ ፑቲ ነው። እኩል እኩል አድርገው ቀለሙ አንድ እስኪሆን ያሹት፤ ሳይጠጥር ለመሥራት አንድ ሰዓት ያህል ይሰጥዎታል። ከውጭ የሚመጣ የመቅረጫ መሣሪያ አያስፈልግም። በደጃችን የሞላው ሽመል ተሰንጥቆና ተስሎ በምላስ የረጠበ ያህል እርጥበት ካገኘ ከማናቸውም ብረት ይልቅ ለፊት ሥራ ይመቻል። የአፍንጫውን ክንፍ ሰፋ፥ የታችኛውን ከንፈር ሞላ ያድርጉ፤ ነገር ግን አያጋንኑ። አፍሪካዊ ፊት ማለት ከንፈር ማሳበጥ ብቻ የሚመስላቸው ቀራጮች ብዙ ናቸው፤ ውጤቱም ሰው ሳይሆን ማላገጫ ነው። ፎቶግራፍ ከመመልከት ይልቅ ገበያ ወጥቶ ሽማግሌዎችን፥ እንዳይታወቅብዎ እየተጠነቀቁ፥ ማየት ይሻላል።

የቀድሞ በርታዎች በየጉንጫቸው ላይ ወደ ታች የወረደ ሦስት ሦስት የብጥ ምልክት ነበራቸው፤ ዛሬ የሚታየው ባብዛኛው በአዛውንቶች ላይ ነው። ሰውዬው ሸምገል ያለ እንዲሆን ከፈለጉ ፑቲው ገና ልስልስ ሳለ በመርፌ ሦስት መስመር ያውርዱ። የተነፋ ጉንጭ ላይ ቆዳው ስለሚወጠር መስመሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጉንጩን ተከትሎ ትንሽ ይጎብጥ። ራሱ ላይ ነጭ ቆብ፥ አንገቱ ላይ የጀለቢያ ክፈፍ ይበቃዋል።

ዋዛውን ለመሥራት ሽቦ በፒንሳ አጉብጠው ፑቲ ያልብሱት፤ የቅሎቹን መጋጠሚያ ለይተው ያሳዩ። እውነተኛው አንድ ሜትር ቢሆን የእርስዎ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከምስሉ ራሱ ይረዝማልና ክብደቱ እንዳይጥለው ከንፈሩንና መዳፉን በቀጭን ትራፓኖ በስተው ሽቦውን ያሳልፉ፥ በሱፐር ግሉም ያጣብቁ።

አሁን ወደ ቀለሙ ደረስን፤ እኔም እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን «የሥጋ ቀለም» ብለው በጠርሙስ የሸጡልን ሐምራዊ ያዘለ ነጭ ነበር፤ የማን ሥጋ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ክራዮላ የተባለው የአሜሪካ የልጆች እርሳስ ቀለም ሠሪ እንኳ ይህን ስም ትቶ «ኮክ» ያለው በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እኛ ጠይም፥ የቀይ ዳማ፥ የብስል ቀይ፥ ጥቁር እያልን መልክን በየዓይነቱ የምንለይ ሰዎች ግን ከአንድ ጠርሙስ የሚወጣ ቆዳ እንደሌለ እናውቃለን።

ለጥቁር መልክ መነሻው ጥቁር ቀለም አይደለም። ጥቁር ቡናማውን ይውሰዱ፤ ለጥላው ጥቂት ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ይጨምሩበት። ብርሃን በሚያርፍበት በግንባር፥ በጉንጭ ዐጥንትና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ደግሞ ነጭ እየጨመሩ አያንጡት፤ ነጭ ሲገባበት ቆዳው አመድ የነፋበት ይመስላል። በብርቱካንማና በአፈርማ ብጫ ያብሩት። ከዚያ በኋላ ብቻ፥ እጅግ ጥቁርና የሚያበራ ፊት ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ፥ በግንባሩ ላይ ሰማያዊነት ያለው አንድ ስስ ነጠብጣብ ይጣልበት። ከንፈሩ ውስጥ፥ የታችኛው የዓይን ቆብና የጥፍሩ ሥር ቀላ ይበሉ። ቀለሙ ሁሉ ስስ ሆኖ ይደራረብ፤ በወፍራሙ አንዴ የተቀባ ፊት የተለሰነ ግድግዳ ነው።

የዓይን ነጩም ነጭ አይደለም። በመጠኑ ቡናማ ብጫ ይግባበት፤ የላይኛው ቆብ የብሌኑን አናት ይሸፍን፤ አለዚያ ሰውዬው የደነገጠ ይመስላል። የኛው ነፊ እስትንፋሱን ይዞ ጓደኞቹን የሚያዳምጥ ነውና ዓይኑ ወደ ጎን፥ ተራው ወደሚመጣበት ወደ ጎረቤቱ ቢያይ መልካም ነው። ያች ልጅ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው ነገር በግማሹ የተመለሰላት መሰለኝ።

በአሶሳ ክረምት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ዘይት ቀለም የሚጠቀሙ ቀናት ይጠብቁ። ረዚኑን ራሳቸው ለማፍሰስ የሚሞክሩም እስከ በጋ ቢቆዩ ይሻላል፤ ያልጠጠረው ፈሳሽ እርጥበት ሲነካው አረፋ ይሞላዋል። ገንዘብ ያጠረው ተማሪ በጀሶ ቢለማመድ አይጎዳም።

ሲያበቃ ፊቱን ሁሉ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይቀቡት፤ ዓይኑንና የታችኛውን ከንፈር ብቻ በሚያብለጨልጨው ይንኩ። መቆሚያው ከቅርብ ይገኛል፤ ክልላችን በእብነ በረድ የታወቀ ስለሆነ ከጠራቢዎች ዘንድ ስባሪ ለምኖ ማምጣት ነው። በላዩ ላይ የሰው ስም አልጻፍንም። «ዋዛ ነፊ፥ አሶሳ» ብለን ተውነው፤ በግራና በቀኙ ግን የሁለት ሌሎች ስፍራ ባዶ አድርገን አስቀምጠናል።